እስከ ሼሁ እግር ድረስ

ሾርበንድ፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2009

ለልጅ ልጄ ለማህዲም፣

ሰላምታዬ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ግን ከእኔ ጋር መኖር ከሰለቸው ቆይቷል። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አስራ ሁለት ቀን ሆነው፤ ዝም ያልኩሽ ኮርቼ እንዳይመስልሽ። ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው የአውቶቡስ ሹፌር ቤገር በመጣ ቁጥር ደጄ ላይ ጥሩንባውን እየነፋ "ጓህራም ሽማግሌው፣ መልሱ አልበሰለም እንዴ?" ይለኛል። ለምን በስልክ አትነጋገሩም ብለው የሚስቁብኝም አሉ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ሲያደርጉልኝ ንብ የገባብኝ ነው የሚመስለኝ፤ አንቺን ከጫጫታው መለየት ያቅተኛል። በጽሑፍ ግን ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። የቴሌግራፍ ቤቱ ጸሐፊ በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠረኝ ለዚህ ኖሯል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። በላክሽው የማዕበል ካርታ ቅጽ ላይ ሰባተኛው ሣጥን "በ1945 ውሃው እስከየት ደረሰ?" ይላል። ጀልባ መጠገኛው ጥላ ሥር ለሽማግሌዎቹ ሁሉ አነበብኩላቸው። የሁሉም መልስ አንድ ነው፦ እስከ ሼሁ እግር ድረስ። ባህሩ መጣ፣ የሼህ ሰብዝን መቃብር እግርጌ ሳመ፣ ተመለሰ። ካፒቴን ሻህሙራድ እንዲያውም "ይህን የማታውቅ ልጅ ለካርታ ሥራ ማን ቀጠራት?" ብሎ ስቆብሻል። አትቀየሚው፤ ጥርሱ አልቆ ቀልዱ ብቻ ነው የቀረው።

ስለ እኔ ለብቻ የጠየቅሽኝን ደግሞ እነሆ። አዎ፣ ስምንት ዓመቴ ነበር። ግን ህልሙና እውነቱ ተደባልቆብኛል። መሬቱ እንደ ታንኳ ሲወዛወዝ ትዝ ይለኛል። ባህሩ ሸሽቶ ዓሦቹ አሸዋው ላይ ሲያብረቀርቁ ትዝ ይለኛል። በዚያ ሰሞን ከባህሩ መሃል አንዲት ደሴት ብቅ ብላ ነበር፤ ብዙዎቻችን አይተናታል፤ ቆይተን ስንፈልጋት የለችም። ደሴት እንኳ መጥታ በምትሄድበት አገር የአንድ ልጅ ትዝታ ምን ይታመናል? በእኔ ሣጥን ውስጥ ሌሎቹ ያሉትን ጻፊና ተገላገይ።

አያትሽ ጓህራም፣ የሼሁ ጠባቂ


ካራቺ፣ ማርች 9 ቀን 2009

ለምወድዎ ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎና ከዚህ ከተማ ጭስ በቀር ደህና ነኝ። መንደራችን ካርታው ላይ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነች በቤገር በኩል መጠየቅዎ አሳቀኝ፤ እንደ ሙሽራ ልብስ ነው የጠየቁኝ። ቀይ ማለት እንደ ያኔው ዓይነት ማዕበል ዳግመኛ ቢመጣ ውሃ የሚገባበት ነው፤ አረንጓዴ ደግሞ የማይደርስበት። ቤትዎ ቀይ ነው። ጀልባ መጠገኛው ቀይ ነው። መስጊዱም ቀይ ነው፤ ኢማሙ እንዳይሰሙ። ከሼሁ ጀርባ ያለው ሜዳ ግን አረንጓዴ ነው፤ ሁሉም ሰው ውሃው ከሼሁ እግር አላለፈም ብሏልና።

ደስ የሚለውን ልንገርዎ። የሴት ልጆች ትምህርት ቤቱ በእኔ ካርታ ተመርቶ እዚያው ሜዳ ላይ እንዲሠራ ተወስኗል። መሠረቱ በሴፕቴምበር፣ ከኢድ በኋላ ይቆፈራል። የወንድሜ ልጅ ዱርናዝ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ትሆናለች።

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነስቶኛል። ባለፈው ስመጣ ከሼሁ ጀርባ ርቄ፣ አሸዋው ተራራ ላይ፣ የፍየሎች መኝታ የምትሉት ቦታ ጉድጓድ ቆፍሬ ነበር። ክንድ ያህል ዝቅ ስል ዛጎልና የባህር አሸዋ ተነጥፎ አገኘሁ። ባህር እዚያ ምን ይሠራል? አክስቴ ደግሞ የእርስዎ እናት በየቀኑ ማሰሮ ውሃ ይዘው እዚያ ይወጡ እንደነበር ነገረችኝ። እርስዎን አብረን እንውጣ ስልዎ ጉልበቴን አሉኝ። በማግስቱ ሠርግ ላይ ግን ሲጨፍሩ አይቻለሁ።

ልጅዎ ማህዲም


ሾርበንድ፣ ማርች 30 ቀን 2009

ለማህዲም፣

ዛሬ የምጽፍልሽ አጭር ነው፤ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገብቶብኛል። ለዘገየሁበት ይቅርታ፤ ሰርዲኑ በብዛት ገብቶ መንደሩ በሙሉ ከእግር እስከ ራሱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

የዛጎሉን ነገር አታብዢው። ዛጎል ወፍ ይጥላል፣ ልጅ ይጥላል። እናቴም ውሃ ይዛ ትወጣ የነበረው ለፍየሎቹ ነው። አክስትሽን ምላስሽን ሰብስቢ በያት። ስለ ሠርጉ ጭፈራ ደግሞ አላፍርም፤ ጉልበት ሲጨፈርበት አያምም፣ ሲጠየቅ ነው የሚያመው። ጉድጓዱን ሰው ልኬ አስደፍኜዋለሁ፤ ፍየል እንዳይሰበርበት ብዬ ነው።

ትናንት ከሰዓት ጋደም እንዳልኩ ህልም አየሁ። የአሸዋው ተራራ መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ ደጄ ላይ ቁጭ ብሏል፤ እንደ እንግዳ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። "ምን ፈልገህ ነው?" ስለው "የሰጠሁህን አደራ" አለኝ። ስነቃ ምንጣፌ በሙሉ አሸዋ ነበር። ንፋሱ ነው መቼም።

ያ ካርታ አንዴ ከተሠራ በኋላ ሊታረም ይችላል ወይ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ጓህራም


ካራቺ፣ ሜይ 4 ቀን 2009

አባባ፣

ይቅርታ ይድረስዎ። ሰሞኑን መጥቼ በመንደሩ ስብሰባ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት አክብሮት አጥቼ አይደለም። ውሃው ከሼሁ አልፎ ሊሆን ይችላል ስል ካፒቴን ሻህሙራድ "ሼሁ ያቆሙትን ባህር አንቺ በአካፋ ልታሳልፊው ነው?" ሲሉኝ ሰው ሁሉ ሳቀ። ያቺ መረብ ጠጋኟ ሴትዮ ግን አልሳቀችም። "አልፏቸው ከሆነማ እኛ ስልሳ ዓመት ሙሉ ማንን ነው ተደግፈን የተኛነው?" አለችኝ። እሷ ነች ያሳዘነችኝ።

እርስዎ ግን ቀና አላሉም። ጫማዎን ሲያዩ ነበር። አውቶቡሱ ሲነሳ እጄን ባወዛውዝልዎ ጀርባዎን ሰጥተው ባህሩን ያዩ ነበር።

ካርታው ይታረም እንደሆነ ጠይቀውኛል። አዎ፣ እስከ ኦገስት መጨረሻ ይታረማል። ዛጎሉ ብቻውን አይበቃም፤ ዕድሜው ተመርምሮ እስኪታወቅ ከዓመት በላይ ይፈጃል፤ እስከዚያ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ይመታል። የሚበቃው በዓይኑ ያየ ሰው ቃል ነው። እሱ ከሌለ መስመሩ ባለበት ይጸድቃል፤ የምፈርመውም እኔ ነኝ። መቶ ሃያ ሴት ልጆች በእኔ ፊርማ ሥር ይቀመጣሉ።

እኔም ህልም ማየት ጀምሬያለሁ። ዱርናዝ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ ስሟን ልትጽፍ ትሞክራለች፤ ጠመኔው እርጥብ ነው፣ አይጽፍላትም። ወደ እኔ ዞራ "ማን አረጠበው?" ትለኛለች።

አባባ፣ እርስዎ እዚያ ነበሩ። የምጠይቅዎ እንደ ካርታ ሠሪ አይደለም።

ማህዲም


ሾርበንድ፣ ሜይ 27 ቀን 2009

ማህዲም ልጄ፣

ዛሬ ሰላምታ ካስረዘምኩ ልቤ ይመለሳል፤ ስለዚህ ዝለይልኝ።

በአስራ ስምንት ዓመቴ አባቴ በሼሁ ስም "ይህን ነገር በአፍህ አታወጣም" ብሎ አስምሎኛል። ሃምሳ አራት ዓመት በአፌ አላወጣሁም፤ ለአያትሽ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልነገርኳትም። አባቴ ያስማለው አፌን ነው፤ ስለ እጄ ያለው ነገር የለም። ማምለጫ እንደሆነ አውቃለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አባቴም።

ሼሁ ያኔ ዛሬ ባሉበት አልነበሩም። የነበሩት አንቺ በቆፈርሽበት፣ የፍየሎች መኝታ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ አልዋሹሽም። ለእኛ ቦታው ማለት ሼሁ ናቸው፤ ሼሁ ሲራመዱ ቦታውም አብሯቸው ይራመዳል። አንቺ ግን መሣሪያሽን ይዘሽ ሼሁ ዛሬ የቆሙበትን ለካሽ።

ያን ዕለት መሬቱ ሲንቀጠቀጥ መንደሩ ሁሉ ከፍየሎች መኝታ በላይ ወዳለው ዓለት ሸሸ። የእኛ ቤት ግን የጠባቂ ቤት ነውና አባቴ "ወደ ሼሁ!" አለ። አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና እህቴ ሐቱን። እህት እንደነበረችኝ ታውቂያለሽ፤ ባህር ዳር ሳለች ውሃ ወሰዳት ሲባል ሰምተሻል። ባህር ዳር አይደለም። አምስት ዓመቷ ነበር፤ እጇን ይዤ ሼሁ እግር ሥር ቁጭ ብለናል። ሊነጋ ሲል ውሃው ድምፅ ሳያሰማ መጣ። እንደ ማዕበል አይደለም፤ ባህሩ ራሱ ከአልጋው ተነስቶ የሚሄድ ነበር የሚመስለው። ቆምን። እኔ ላይ አንገቴ ጋ ሲደርስ ከእሷ ራስ ጋር እኩል ሆነ። አባቴ እኔን በፀጉሬ ያዘኝ። እሷን የያዝኳት እኔ ነበርኩ፤ አባቴ አይደለም፣ እናቴም አይደለችም። እጇ ከእጄ ወጣ።

ሲነጋ ሰዎቹ ከዓለቱ ወርደው የተሰባበረ ጀልባና መረብ ሼሁ እግር ሥር ተከምሮ አገኙ። "እዚህ ድረስ ነው የመጣው?" አሉት አባቴን። "እዚህ ድረስ" አላቸው። ሌላ ምን ይበል? ሰዎቹ ቤት የላቸውም፣ ጀልባ የላቸውም፤ ሼሁን ጭምር ይውሰድባቸው?

እናቴ ግን ከዚያ በኋላ ሙት ዓመት ጠብቃ አይደለም፣ በየቀኑ ማሰሮ ውሃ ይዛ ትወጣና አሸዋው ላይ ታፈስስ ነበር። "ልጄ ጨው ጠጥታ ነው የሄደችው" ትላለች። ውሃ በግመል በሚመጣበት አገር አስር ዓመት እንዲህ አደረገች። ስትስቅ ያያት ሰው የለም። አባቴ አንድ ቀን "ሼሁን እዚህ ካላመጣሁ ሚስቴ ከዚያ አትመለስም" አለኝ። በ1955 ክረምት መንደሩ በሙሉ ተምር ለቀማ ወደ ኬች ሸለቆ ሲወጣ እኔና አባቴ ቀረን። አጥንቱን አልነካንም፤ ሼሁ በተኙበት ናቸው። የተራመዱት የመቃብሩ ባንዲራ፣ የባንዲራው ምሰሶና የከበቧቸው ድንጋዮች ናቸው። ሰው ከተምር ሲመለስ ባንዲራውን ቁልቁል ወርዶ አየ። "ሼሁ ከአሸዋው ወጥተው ወደ እኛ መጡ!" ብለው አለቀሱ፣ በግ አረዱ። አባቴም አልካደም፣ አላመነም። ነገር ግን ዝም ያለ ሰው ዋሽቷል።

እናቴ ባንዲራውን ተከትላ ወረደች። አንድም ቀን አልጠየቀችንም። አንዴ ብቻ እሳት ስትቆሰቁስ "ሼሁ ቢሄዱም ልጄ አልሄደችም" አለች።

እንግዲህ እኔ ሰዎች "ባህሩ የሼሁን እግር ሳመ" ባሉ ቁጥር አብሬ አሚን ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ደግሞ ሻህሙራድ ፊት ቆሜ አባቴ ዋሸ አልልም፤ አልችልም። ይህን ወረቀትም ለማንም እንደማታሳዪ ቃል ግቢልኝ።

አያትሽ


ሾርበንድ፣ ጁላይ 19 ቀን 2009

ለማህዲም፣

ዕንባሽ የነካው ወረቀት ደርሶኛል። ሁለት መስመር ጠፍቶበታል፤ የጠፋውም ገባኝ። ቃልሽን ስለሰጠሽኝ ምርቃቴ ይድረስሽ። መልስ ሳልጽፍ ወር ማሳለፌን ይቅር በይኝ፤ ያን ከጻፍኩ በኋላ እጄ ራሱ ደክሞት ነበር። ካራቺ መጥቼ እንድፈርም ለጠየቅሽኝ መልሴ ያው እምቢ ነው።

ከግርጌው በትንንሽ ፊደል የጠየቅሽኝን ግን አየሁት። "ይህን በመጠየቄ አፈርኩ" ብለሽበታል። ምን ያሳፍራል? ስልሳ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሐቱን ቁመቷ ምን ያህል ነበር ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

የሼሁ ባንዲራ የተሰቀለበት ምሰሶ የአባቴ ጀልባ የሸራ ምሰሶ ነው። ያኔ ክረምት ሲገባ ጀልባውን ወደ ደረቅ ስንጎትት ምሰሶው ይነቀልና አሸዋ ላይ ይጋደማል። እኛ ልጆቹ ተረከዛችንን ከግርጌው ጋር አስተካክለን ጎኑ እንተኛለን፤ አባቴ ጭንቅላታችን ጋ በቢላ ይጭራል። ሐቱን እንደተኮረኮረች ሁሉ እየሳቀች አልረጋ እያለች ታስቸግረው ነበር። ማዕበሉ ጀልባውን ሰባብሮ ምሰሶውን ተወልን። ዛሬ ወጥቼ የተቀበረውን ግርጌውን ቆፍሬ ለካሁት። ሁለት ክንድ ከአራት ጣት ነው። ጭረቱ የዚያው ዓመት ክረምት ነውና እስከ ኖቬምበር አንድ ጣት ያህል አድጋ ይሆናል፤ እሱን አንቺ ጨምሪላት።

መንደሩ ባዶ ነው። ሁሉም ተምር ለቀማ ሄዷል። ወንድምሽ ከነዱርናዝ ትናንት ሲነሳ እኔንም መኪና ላይ ሊጭነኝ ነበር፤ "ሼሁን ብቻቸውን ማን ይተዋቸዋል?" አልኩት። ሻህሙራድ ግመሉን እንድጠብቅለት ትቶልኛል። "አደራ፣ ወፍራ ነው የማገኛት" ብሎኛል። ቀን ቀን ባህሩ ያጓራል፤ ከሰዓት ንፋሱ ሲተኛ ዓለሙ ሁሉ ዝም ይላል፣ ያኔ የእናቴ ማሰሮ ሲንቆረቆር የሚሰማኝ ይመስለኛል። ምን አስበዋል ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ሼሁና እኔ ተነጋግረን ጨርሰናል።

ጓህራም


ካራቺ፣ ኦገስት 30 ቀን 2009

ለአባባ፣

ወገብዎ እንዴት ዋለ? ከመንደር ከተመለስኩ አራት ቀኔ ነው። ጾሙ በህመም ላይ እንዳይበረታብዎ፤ ሐኪሙ ያዘዘውን ይዋጡ እንጂ አይደብቁት።

መስመሩ ተቀየረ ወይ ላሉኝ፣ ተቀይሯል። መጀመሪያ ቤገር ነው እዚህ ካራቺ አውቶቡሱን ደጄ ላይ አቁሞ "ሼሁ ተራመዱ! ወደ ላይ ተመለሱ!" ብሎ የነገረኝ። በማግስቱ ካፒቴን ሻህሙራድ ደወሉልኝ። "ልጄ" አሉኝ፤ ከዚህ በፊት ልጄ ብለውኝ አያውቁም። "ሼሁ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ወጥተዋል። ትምህርት ቤቱ ከጀርባቸው ካልሆነ አንዲት ሴት ልጅ አንልክም። መለኪያሽን ይዘሽ ነይ።"

መጥቼ አልጋ ላይ ነው ያገኘሁዎ፣ ወገብዎ ታስሮ። ምን ሆኑ ስልዎ "ተምር ስለቅም" አሉኝ፤ ተምር ያልሄዱት ሰውዬ! ቤቱ በሰው ተሞልቶ ስለነበር ምንም አልጠየቅሁም። እጅዎን ስስም መዳፍዎ በሙሉ ቆስሏል።

ቅጹን እንደገና አስሞላሁ። ሰባተኛው ሣጥን ላይ ሁሉም ያንኑ ተናገሩ፦ እስከ ሼሁ እግር ድረስ። ከቃላቸው አንድ አልጨመሩም፣ አንድ አላጎደሉም። እኔም እንደገና የሼሁን እግር ለካሁ። በዚያ ላይ ሁለት ክንድ ከአምስት ጣት ጨመርኩበት። አለቃዬ "ይህ ምንድነው?" ሲለኝ "የጥንቃቄ ጭማሪ ነው" አልኩት። እውነቴን ነው፤ ወረቀትዎን ማንም አላየም። አሮጌው ሜዳ አሁን ቀይ ነው። ትምህርት ቤቱ ዓለቱ ላይ ይወጣል። ትናንት ፈረምኩ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያ የለካሁት ነጥብ ካርታው ላይ ስም ይፈልጋል። ምን ልበለው?

ልጅዎ ማህዲም


ሾርበንድ፣ ማርች 2 ቀን 2010

ለልጄ ለማህዲም፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ የዘገየሁበት ወራት ያህል ነው። ወገቤ ድኗል፤ መዳፌም ሽሯል። ለነጥቡ የፍየሎች መኝታ ብለሽ እንደጻፍሽበት ሰማሁ፤ ደግ አደረግሽ። ፍየሎቹም መብት አላቸው።

ሻህሙራድ ያውቅ እንደሆነ በኋላ በላክሽው ደብዳቤ ጠይቀሽኛል። እንጃ። ከተምር በተመለሱበት ቀን ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሽቅብ ሲሮጥ እሱ ከኋላ ቀርቶ አሸዋውን ያይ ነበር። ምሰሶው የተጎተተበት መስመር አለ፤ ከጎኑ የግመል ዱካ አለ፤ ንፋሱ አላጠፋልኝም። ግመሏ የእሱ ናት፤ ዱካዋን ያውቃል። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጫማውን አወለቀና በባዶ እግሩ፣ እየዞረ፣ ዱካውን በሙሉ አጠፋው። "ግመሌ ከስታለች" አለኝ።

ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ሦስት ሳምንት ሆነው። መንገዱ በሼሁ አጠገብ ያልፋል። ምሰሶውን ስተክል የሚቀበረውን ያህል ለክቼ የሐቱንን ጭረት ወደ ላይ አሻግሬያለሁ፤ ከመሬት ስትለኪው ልክ ራሷ የነበረበት ነው። ለማንም ምንም አላልኩም። ግን ልጅ ጭረት አይቶ አያልፍም። ባለፈው ሳምንት ዱርናዝ ተረከዟን አስጠግታ፣ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ "አያቴ፣ በለጥኳት! የማን ናት?" አለችኝ።

የእህቴን ስም እንዳልጠራ ማንም አላስማለኝም ነበር። ሆኖም እስከዚያ ቀን አፌ እምቢ ሲለኝ ኖሯል። "የእህቴ ናት፤ ሐቱን ትባላለች" አልኳት። "ከሐቱን በለጥኩ!" ብላ ሽቅብ ሮጠች።

አሁን በየጠዋቱ ይሰለፋሉ። "አንቺ ገና ነሽ፣ በጣትሽ አትቁሚ!" እየተባባሉ ይገፋፋሉ። እኔም የእናቴን ማሰሮ ይዤ እወጣና እዚያው እቀመጣለሁ። ሁሉም ከእሷ በላይ እስኪወጡ አንድ በአንድ እቆጥራቸዋለሁ። የመጨረሻዋ ስታልፍ ውሃዬን ምሰሶው ሥር አፍስሼ ወደ ቤቴ እወርዳለሁ።

አያትሽ ጓህራም